ከአፈር የለየናቸው ባክቴሪያዎች ከመመረቂያ ጽሑፍ ጋር አይቀበሩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መድኃኒት ስለተላመዱ ጀርሞች ሲጻፍ ኅብረተሰቡ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ እንዳይወስድ ይመከራል፤ ተገቢ ምክር ነው። አዲሱ መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ ግን እምብዛም ስለማይነሣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፍ የሚያውደን የአፈር ሽታ በአብዛኛው ስትሬፕቶማይሲስ ከሚባሉ ባክቴሪያዎች የሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አልበርት ሻትዝ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ያገኘው፣ የሳንባ ነቀርሳ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ስትሬፕቶማይሲንም የተገኘው ከዚሁ ወገን ነው።

እኔ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን የማግዝ ቴክኒሻን ነኝ። ተማሪው ከቡና ጥላ ሥር ወይም እንደ ሻላና አቢያታ ካሉ ሶዳማ ሐይቆች ዳርቻ አፈር ያመጣል፤ በጥብጦና አቅጥኖ አጋር በሚባል የባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄል ላይ ይዘራል፤ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉትን ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) ለይቶ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ላይ ይፈትናቸዋል። በማግስቱ የሳህኑ ክዳን ሲነሣ፣ ደመና በመሰለው የጀርም ምንጣፍ መካከል ጥርት ያለ ክብ ከታየ፣ በማስመሪያ ይለካል። 18 ሚሊ ሜትር የለካ ተማሪ ፊት ላይ የሚነበበውን ደስታ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የሚያሳዝነው ሥራው ብዙ ጊዜ እዚያው ማብቃቱ ነው። ክቡ ባክቴሪያው ጀርም የሚገታ ነገር ማመንጨቱን ያሳያል እንጂ ነገሩ አዲስ ይሁን ቀድሞ የታወቀ አይነግረንም፤ ይህን ለመለየት ውሁዱን አጣርቶ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል የሞለኪውል ክብደት መለኪያ መሣሪያ መመርመርና ከሚታወቁት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ለዚህም የተማሪው ጊዜና ገንዘብ አይበቃም። ስለዚህ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ፣ ባክቴሪያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል። እኔ በሠራሁበት አንድ ተቋም ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረውምና፣ ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት የአራት ተማሪዎች ድካም ቀልጦ፣ የብልቃጦቹ ጽሑፍ በውኃ ታጥቦ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ያንኑ አፈር ፍለጋ የተመለሰ የለም።

የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ተህዋስያንንም የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ጽሑፉን ከማቅረቡ በፊት የለየውን ባክቴሪያ አንድ ቅጂ፣ አፈሩ ከተወሰደበት ቦታ ዝርዝር ጋር፣ ለኢንስቲትዩቱ እንዲያስረክብ ቢያስገድዱ ሌላው ተመራማሪ ካቆመበት ይቀጥላል። የጽሑፉ ቅጂ እየተጠየቀ የባክቴሪያው ቅጂ የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም።

አፈሩ ከየት እንደመጣ መመዝገቡ ከሚገኘው መድኃኒት ጥቅም ለመጋራት መብታችንም ይጠቅማል። ኤሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የተገኘው ሐኪሙ አቤላርዶ አጊላር እ.ኤ.አ. በ1949 ከፊሊፒንስ ኢሎኢሎ ለአሜሪካ ኩባንያ ከላከው አፈር ነው። እኛ የጄኔቲክ ሀብትን አጠቃቀምና የጥቅም ተጋሪነትን የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን፤ ነገር ግን ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ያልተመዘገበ፣ በሕይወትም የሌለ ባክቴሪያ ይዞ መብት መጠየቅ አይቻልም።

የዘንድሮ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡት በሰኔ ነው፤ እስከዚያ ደንቡን ማውጣት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፣ ከአዲስ አበባ