ልጆቻችሁን ወደ ፀሐይ ስለምናወጣበት ምክንያት

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ከክፍል ውጭ የሚሰጠውን የሳይንስ ትምህርት ይመለከታል

ክቡራን ወላጆች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው ሳምንት የሳይንስ መምህራችን ልጆቹን ሜዳ ላይ አውጥቶ ወረቀት በአጉሊ መነጽር ሲቃጠል አሳይቷቸዋል። በዚህ ቅር የተሰኙ ወላጆች ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ቤተ ሙከራ ስለሌላችሁ ልጆቻችንን በፀሐይ ታንገላታላችሁ» ብለውኛል። ቅሬታው ከልጅ ፍቅር የመጣ ነውና አልተቀየምኩም። መልሴን ግን ከህንድ ልጀምር።

ታዋቂው የህንድ ሳይንቲስት ራጉናት ማሼልካር እ.ኤ.አ. በ1943 ጎዋ ውስጥ ማሼል በምትባል መንደር ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ አባቱ ሞቱ። እናቱ አንጃኒ ልጃቸውን ይዘው ቦምቤይ ገቡና ያገኙትን እየሠሩ አሳደጉት። እስከ 12 ዓመቱ በባዶ እግሩ ሄደ፤ ማታ የሚያጠናው በመንገድ መብራት ሥር ነበር። እናቱ አንድ ቀን ሥራ ሊጠይቁ ሄደው፣ ሦስተኛ ክፍል ያልጨረሰ አይቀጠርም ተብለው ተመለሱ። የዚያን ቀን፣ ልጄን እስከ መጨረሻው አስተምራለሁ ብለው ለራሳቸው ቃል ገቡ።

የሁለተኛ ደረጃ መመዝገቢያው 21 ሩፒ ነበር። እናት ይህን ገንዘብ አላገኙም። ያጠራቀመችውን አውጥታ የሰጠቻቸው በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ድሃ ሴት ናት። ልጁ የገባው ዩኒየን ከሚባል፣ የድሃ ልጆች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው።

እዚያ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ርዕሰ መምህሩ ባቬ ነበሩ። አንድ ቀን ተማሪዎቹን ፀሐይ ላይ አውጥተው ሌንስ ከወረቀት በላይ ያዙ። ሌንሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ሰፊ የነበረው ብርሃን እየጠበበ፣ እየጠበበ የመርፌ ጫፍ አከለ። ወረቀቱ ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ተቀጣጠለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞር ብለው፣ ኃይልህን እንዲህ አንድ ቦታ ከሰበሰብከው የማታቃጥለው ነገር የለም አሉት። ሳይንቲስት ለመሆን የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው ይላሉ ዶክተር ማሼልካር እስከ ዛሬ።

በቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምሕንድስና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1969 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። አማካሪያቸው በ27 ዓመታቸው ፕሮፌሰር የሆኑት ማን ሞሃን ሻርማ ነበሩ። ሻርማ እ.ኤ.አ. በ1990 ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የለንደኑ የሳይንቲስቶች ማኅበር አባል ሆነው ተመረጡ፤ ተማሪያቸው ማሼልካርም በ1998 ተከተሏቸው። ማሼልካር እንግሊዝ አገር ሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1976 ወደ አገራቸው ተመለሱና ፑኔ በሚገኘው ብሔራዊ የኬሚካል ላቦራቶሪ ገቡ። በኋላም የላቦራቶሪው ዳይሬክተር፣ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የህንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ኃላፊ ሆኑ።

የምርምራቸው ነገር ሩቅ አይምሰላችሁ። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣውን ዝልግልግ ነገር ታውቁታላችሁ፤ በማንኪያ ሲያነሡት እንደ ክር ይሳባል፣ እንደ ውሃ አይንጠባጠብም። እንዲህ ያሉ ፈሳሾች እንዴት እንደሚፈሱ፣ ውሃ ጠጥተው የሚያብጡ ነገሮችም ለምን እንደሚያብጡ ነው ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የእርዱ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እርድን ቁስል ለማዳን መጠቀም አዲስ ግኝት ነው ተብሎ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠበት። በህንድ ማንኛዋም እናት የምታውቀው መድኃኒት ነው! ማሼልካር ይመሩት የነበረው ምክር ቤት የሳንስክሪትና የኡርዱ ጽሑፎችን ሳይቀር 32 ማስረጃዎች አቅርቦ ተከራከረ፤ በ1997 መብቱ ተሰረዘ። ይህ ለእኛም ባዳ ነገር አይደለም። በሆላንድ ለጤፍ ዱቄት ተሰጥቶ የነበረውን የባለቤትነት መብት የሔግ ፍርድ ቤት ዋጋ ያሳጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የእናቱን ጓዳ የሚያውቅና ማስረጃ መሰብሰብ የተማረ ልጅ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሜዳው ትምህርት በየሐሙሱ ከሰዓት በፊት ይቀጥላል። ሌንሱ ከመምህሩ እጅ አይወጣም፤ አጠገቡም ባልዲ ውሃ ይቀመጣል። በሌንስ ወደ ፀሐይ መመልከት ዓይን እንደሚያጠፋ ለልጆቹ ነግረናቸዋል፤ እናንተም ቤት ውስጥ ደግማችሁ ንገሩልን። ለሚቀጥለው ሐሙስ እያንዳንዱ ልጅ አንድ እፍኝ ተልባና ክዳን ያለው ባዶ ብርጭቆ ዕቃ ይዞ ይምጣ። ኮፍያ ያለው ኮፍያውን ያድርግ።

ሌላው፣ መዋጮ ስላልተከፈለ ልጃችሁን ቤት እንዳታስቀሩ አደራ እላለሁ። የቸገራችሁ ካላችሁ ከሌላ ሰው በፊት ለእኔ ንገሩኝ፤ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ቢሮዬ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር