ከመፈረምሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እናትሽ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ስልክ እንኳ አልደወልኩም። አንድ ሳምንት ዘገየሁ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ከዚያ በኋላ አፌን በምን እንደምከፍት ጠፋኝ። አጉርሰው ያሳደጉኝን እናት ሳላለቅስላቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ይቅር በይኝ።

ባለፈው እሑድ ሂውስተን ቤተ ክርስቲያን ወንድምሽን አገኘሁት። ከቨርጂኒያ ለቃችሁ ጋልቨስተን ቤት ልትገዙ ነው አለኝ። ከቴክሳስ ሲቲ፣ ከእኔ ቤት፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ እኮ ነው! ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ግን እባክሽ፣ የጣሪያውን የምስክር ወረቀት ሳታዪ እንዳትፈርሚ።

በዚህ ባሕር ዳርቻ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የነፋስና የበረዶ ጉዳትን አይሸፍንም። የግል ኩባንያ እምቢ ያለው ሰው የሚሄደው የቴክሳስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ወዳቋቋመው የነፋስ መድን ማኅበር ነው፤ እዚህ «ትዊያ» ይሉታል። ማኅበሩ ደግሞ ከ1988 መግቢያ ወዲህ የተሠራ ወይም ጣሪያው የተቀየረ ቤት፣ ነፋስ እንዲቋቋም በደንቡ መሠረት መሠራቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲኖረው ይጠይቃል። «ደብሊው ፒ አይ 8» የሚባለው ይህ ነው።

እኔ በ2021 ጣሪያዬን ሳስቀይር ስለዚህ ወረቀት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሠራተኞቹ በሁለት ቀን ጨርሰው ሄዱ። ሥራ ተቋራጩ የምርመራ ነገር አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በ2024 ኢንሹራንሴ ውሉን አላድስም ሲለኝ ትዊያ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን አምጪ አሉኝ። መሐንዲስ ጠራሁ፤ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ወረደና «ሚስማሩን ሳላይ አልፈርምም» አለኝ።

እውነቱን ነው። አውሎ ነፋስ በጣሪያ ላይ እየፈጠነ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ከሁሉ ይልቅ ጠርዙንና ማዕዘኑን። ኮምፔርሳቶው ከእንጨቱ ጋር በስንት በስንት ርቀት እንደተመታ፣ እያንዳንዱ ሺንግል፣ ማለትም የጣሪያው ልባስ ቁራጭ፣ በአራት ሚስማር ይያዝ በስድስት፣ አንዴ ከተሸፈነ ማን ያያል? አባትሽ ቆርቆሮው እንዳይነሳ ድንጋይ ሲደረድሩበት፣ እኛ ከታች እያቀበልናቸው፣ ትዝ ይልሻል? ያን ድንጋይ መንገደኛ ሁሉ ያየው ነበር።

ነገሩ ሳያልቅ ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። አውሎ ነፋስ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከገባ በኋላ ትዊያ አዲስ ማመልከቻ አይቀበልም። ጁላይ 8 ማለዳ ማታጎርዳ አጠገብ የብስ ሲረግጥ እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ፣ ጣሪያው በተንቋቋ ቁጥር «እመቤቴ!» እያልኩ ነበር። ያለ ምንም ዋስትና። ጣሪያው ተረፈልኝ፤ ወረቀቱን ለማግኘት ግን ገሚሱን አስነስቼ፣ መሐንዲሱ ቆሞ እያየ፣ እንደገና አስመታሁት። ለአንድ ጣሪያ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ስለዚህ ሻጩን ጣሪያው መቼ እንደተቀየረ ጠይቂው፤ የወረቀቱ ዓመት ከዚያ ጋር ይግጠም። የቤቱ የመጀመሪያ ወረቀት ብቻውን ለኋላው ጣሪያ አይሆንም። አንቺም ወደፊት ብታስቀይሪ መሐንዲሱን ሥራው ሳይጀመር ጥሪ። የጎርፍ ዋስትና ደግሞ ሌላ ውል ነው፤ የመንግሥቱ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ዛሬ ነገ አትበይ።

የቤቱን አድራሻ ላኪልኝ። የቴክሳስ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ወረቀት እንዳለው ዛሬውኑ እፈልግልሻለሁ። ለእናታችን መታሰቢያ የምታደርጉበትንም ቀን ጻፊልኝ፤ የአውሮፕላን ቲኬቴን እቆርጣለሁ።

የማትረሳሽ እህትሽ