ደብዳቤ ለልጄ፦ ያልፈረምኩት ወረቀት

ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ልጅሽስ፣ ጉንፋኑ ለቀቀው?

ታናሽሽ ትናንት ማታ ደውላ ነበር። የውጭ አገር ስኮላርሺፑን ማመልከቻ ሞልተሽ ከጨረስሽ በኋላ ሳትልኪው እንደተውሽው ነገረችኝ። «ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የልጅ እናት ነኝ፣ የተማርኩት በማታ ነው፤ ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው የተዘጋጀ አይደለም» ብለሻል አሉ። እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ተነሥቼ ይህን እጽፍልሻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ስሚኝ፦ እነሱ ሳይከለክሉሽ አንቺ ራስሽን አትከልክዪ።

ዕድሜሽን እንደ ጥፋት ቆጥረሽዋል። እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ታናሽሽ መመሪያዎቹን እያነበበችልኝ በደብተሬ ያሰፈርኩት ግን ሌላ ነው የሚለው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚሰጠው ቼቨኒንግ የተባለው ስኮላርሺፕ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። እንዲያውም አመልካቹ ቢያንስ 2,800 ሰዓት ሥራ የሠራ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የሁለት ዓመት ሥራ ያህል ነው። በትርፍ ጊዜ የተሠራውም፣ በበጎ ፈቃድ የተሠራውም ይቆጠራል። የሠራሽባቸውን ዓመታት እስቲ ቁጠሪያቸው! በቀጥታ ከክፍል የወጣ ልጅ ይህን ያህል ሰዓት ከየት ያመጣል?

የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ዳድ የሚሉት፣ ለልማት ነክ የማስተርስ ትምህርቶቹ በአብዛኛው ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። የመጨረሻው ዲግሪ ከተያዘ ከስድስት ዓመት እንዳይበልጥም ይጠይቃል። የሚያረጀው ዲግሪው ነው ማለት ነው፤ ያንቺ ደግሞ ገና ቀለሙ አልደረቀም። ዳድ ለአንዳንድ ስኮላርሺፖቹ አብሮ ለሚሄድ ልጅ ድጎማ አለው፤ ቼቨኒንግ ግን የቤተሰብ ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ ዳዱን አስቀድሚ። የአውሮፓ ኅብረት የሚሰጠው ኢራስመስ ሙንዱስም ዕድሜ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ትምህርቱ ከአገር አገር ያዘዋውራል፤ ልጅ ይዞ በየመንፈቁ ቤት መቀየር ይከብድሻል። ሌላው ሁሉ ካልሆነ እሱን ሞክሪ።

አሁን ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት የደበቅኩሽን ልንገርሽ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። መምህርሽ የሰጠችሽን የውጭ አገር ትምህርት ቅጽ ይዘሽልኝ መጣሽ፤ እጅሽ አልቦሽ ስለነበር የወረቀቱ ጠርዝ ረጥቧል። «አባዬ፣ እዚህ ጋ ብቻ ፈርምልኝ» አልሽኝ። ነገ አልኩሽ። በኋላ ደግሞ ጠፋ አልኩሽ። አልጠፋም። አራት እጥፍ አጥፌ በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤው ሦስት ሳምንት ዞርኩ። ከፊርማው ቦታ በላይ «የወላጅ የትምህርት ደረጃ» የምትል አንዲት ሣጥን ነበረች። «ስድስተኛ ክፍል» ብሎ መጻፍ አሳፈረኝ። ልጄን በእኔ መዝነው ይንቋታል ብዬ ፈራሁ። ብዕር አንሥቼ ደጋግሜ አስቀመጥኩ። ቀኑ አለፈ። ጠፋ ስልሽ አንድም ቃል አልተናገርሽም፤ ሄደሽ የእራቱን ሳህኖች ማጠብ ጀመርሽ። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ አንዱን ሳህን ብቻ ደጋግመሽ ስታጥቢ አየሁሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጭ ትምህርት አንሥተሽ አታውቂም። ለእናትሽም ሳልነግራት ሞተች።

ያቺን ሣጥን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስቀምጧት ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተኛ ትምህርት የሚማረውን ለይተው ለማገዝ መሆኑን የሰማሁት በዚህ ሳምንት ነው። የፈራሁት ነገር ላንቺ በር ሊከፍትልሽ ይችል ነበር። ይቅር በዪኝ ልጄ።

የተናደድኩብሽም ለዚህ ነው። እኔ ያደረግኩብሽን አንቺ በራስሽ ላይ ስትደግሚው ዝም ብዬ አላይም። ላትመረጪ ትችያለሽ፤ ብዙ ሰው ያመለክታል፣ የሚያልፈው ጥቂት ነው። አይሆንም ይበሉሽ። ግን እነሱ ይበሉት! አንቺ ራስሽን አትከልክዪ።

በድርሰትሽ ላይ የማታ ተማሪነትሽንና እናትነትሽን በአንድ መስመር አሳልፈሽዋል አለችኝ ታናሽሽ፣ ያውም ይቅርታ እንደመጠየቅ አድርገሽ። አስተካክዪው። ልጅሽ ትኩሳት ይዞት በክንድሽ አቅፈሽው፣ በሌላው እጅሽ መጽሐፍ ስትገልጪ በዓይኔ ያየሁትን ሌሊት ጻፊው። በማግሥቱ ሥራ ገብተሽ፣ ማታውኑ ተፈትነሽ እንዳለፍሽ ጻፊ። መራጮቹ ስላንቺ የሚያውቁት የጻፍሽላቸውን ብቻ ነው።

ስምሽ በፓስፖርትሽና በትምህርት ማስረጃሽ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ነገ ጠዋት አረጋግጪ። አንዲት ፊደል ብትለይ አሁኑኑ አስተካክዪ፤ በቪዛ ጊዜ ጭንቅ ትሆናለች። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን መምህራን የመጨረሻው ሳምንት እስኪመጣ ሳትጠብቂ ዛሬ ለምኚ። የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ያንቺ መቼ እንደሚያበቃ እዪ። ስኮላርሺፕ አሰጥሻለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅሽ ሰው አንድ ሳንቲም እንዳትሰጪ። ከእያንዳንዱ ወረቀት ሁለት ሁለት ቅጂ አዘጋጂ፤ አንዱ እኔ ጋ ይቀመጥ።

ስለ ልጁ አትጨነቂ። ይዘሽው የምትሄጂ ከሆነ መልካም። ቦታ እስክትይዢ መቆየት ካለበትም እኔ አለሁለት። የእናትሽን ክፍል ማጽዳት ጀምሬአለሁ፤ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ፣ ብርሃን ይወዳልና።

እሑድ ማታ እደውላለሁ። ማመልከቻው ተልኳል ወይስ አልተላከም፣ እሱን ብቻ ትነግሪኛለሽ።

አባትሽ