ሸክሙን ብስክሌቱ ይሸከም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የብስክሌት ነገር በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ መንገዱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከለገጣፎ ተነስቶ ሥራ ለሚገባ ሰው ግን ዕቃውን በምን እንደሚይዝም ያሳስበዋል። ላፕቶፕ፣ ምሳ ዕቃና የዝናብ ልብስ በጀርባው አዝሎ ዳገት የወጣ ሰው ቢሮ የሚደርሰው ሸሚዙ በላብ ርሶ ነው። የኋላ ዕቃ መጫኛና የጎን ቦርሳ ይህን ያስቀራል። ብዙ ሰው ግን ቦርሳውን ቀድሞ ይገዛና በኋላ የሚሰቅልበት ያጣል።

መጀመሪያ ብስክሌቱን እዩ። ከኋላ ጎማ ዘንግ አጠገብ ግራና ቀኝ፣ ከኮርቻው በታችም እንዲሁ የቡሎን ቀዳዳ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ሲሆን በ4 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ይጠብቃል። ቀዳዳ ከሌለው ውስጡ ላስቲክ ያለው የቱቦ ማቀፊያ ይሠራል፤ ጭነቱን ግን መቀነስ ነው። በኮርቻው ዘንግ ላይ ብቻ የሚታሰረውን መጫኛ ግን ለላፕቶፕ አልመክርም፤ ኮብልስቶን ላይ ወደ ጎን ይዞራል።

መጫኛ በያጅ ዘንድ ማሠራትም ይቻላል። ከብስክሌቱ አካል ጋር ግን በፍጹም እንዳይበየድ! የብስክሌት ቱቦ ስስ ነው፤ እሳቱ ያዳክመውና ውሎ አድሮ ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ለብቻው ተሠርቶ በቡሎን ይታሰር። ቦርሳው የሚሰቀልበት ዘንግም ከ16 ሚሊ ሜትር አይወፍር፤ ከወፈረ ብዙው የቦርሳ መንጠቆ አይገባበትም።

መጫኛው ላይ 25 ኪሎ ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አትተማመኑ። ከብረቱ በፊት የሚሸነፈው ቡሎኑ ነው። ኮብልስቶን ሲያንቀጠቅጠው አንዱ ይላላል፣ ሸክሙ በቀሪዎቹ ላይ ያርፋል፣ እነሱም ይቆረጣሉ። ከቀዳዳው በስተኋላ ቦታ ካለ ሮንዴላና ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ፣ ከሌለ የቡሎን ማጣበቂያ ይደረግ። ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም በየወሩ በብሩጎላ መሞከር ነው።

ቦርሳ ስትገዙ ብስክሌቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሰቅላችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ፤ በተረከዛችሁና በቦርሳው መካከል ሁለት ጣት ያህል ካልተረፈ ቦርሳውን ወደ ኋላ ግፉት። ከላይ ሁለት፣ ከታች አንድ መንጠቆ ይኑረው። የታችኛው ከሌለ ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወልቃል። የተንጠለጠለ ማሰሪያ ካለ ጠቅልሉት፤ በጎማው ሽቦዎች መሃል ከገባ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ለክረምት አፉ ሦስት ጊዜ የሚታጠፍ ይሻላል። ካልተገኘ ውስጡን በወፍራም ፌስታል መሸፈን ይበቃል። ከባድ ዕቃ ከታች ይሁን፣ ከላፕቶፑ ሥር ስፖንጅ ይነጠፍ። ቦርሳው የኋላ መብራቱን ስለሚከልል መብራቱ ወደ መጫኛው ጫፍ ይዛወር።

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የምትወርዱ ደግሞ ጭነት ሲጨመር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም እንደሚጨምር አስቡ። የፍሬኑ ሸራ ያለቀ እንደሆነ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ቀይሩት።

ብስክሌት አስመጪዎችም የመጫኛ ቀዳዳ ያለውን ብስክሌት ቢያስመጡና ቡሎኖቹን አብረው ቢሸጡ እንለምናለን። ለእነሱ ትንሽ ወጪ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ብስክሌት ጠጋኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ