ለፈረሙትም ለተቃወሙትም፦ ከነዋሪዎች የመንገድ ደኅንነት ኮሚቴ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ለተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ ለምክር ቤቱ አባላት፣ ለመንገድ ሥራ ባለሙያዎችና በዚህ መንገድ ለምታሽከረክሩ ሁሉ፦

ስለ ዋናው መንገዳችን ደኅንነት ለአካባቢው ምክር ቤት ያቀረብነው አቤቱታ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ከፍ ያለ የእግረኛ መሻገሪያ፣ መሐል ላይ ተቋርጦ የነበረው የእግረኛ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃው ክዳንና የኩርባው መብራት ተሠርተው በመጠናቀቃቸው፣ አደራ ሰጥታችሁን በስማችሁ ስንንቀሳቀስ የቆየን የኮሚቴ አባላት ምስጋናችንን በይፋ ልናቀርብ እንወዳለን።

አስቀድመን የምናመሰግነው ፊርማቸውን ያኖሩትን ነው። ፊርማ ማኖር ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ከዚህ በፊት የቀረቡ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ መቅረታቸውን እያወቃችሁ፣ «ሰው ካልሞተ ማን ይሰማችኋል?» የሚለው አባባል በየደጁ እየተደጋገመ፣ እንደገና ለማመን ፈቃደኛ ሆናችሁ። አባባሉም መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ለመጀመሪያው ደብዳቤያችን የተሰጠን መልስ፣ በመንገዱ ላይ የተመዘገበው አደጋ ቅድሚያ ለማሰጠት የሚያበቃ አይደለም የሚል ነበር። መልሱ ከመዝገቡ አንጻር ትክክል ነው። ችግሩ ሾፌር ፍሬን ሲጢጥ አድርጎ ለጥቂት የሳታት ተማሪ፣ ወይም የእግረኛ መንገዱ ሲያልቅባቸው ወደ አስፋልቱ ወርደው ከመኪና ጋር የተጋፉ አዛውንት በየትኛውም መዝገብ ላይ አለመገኘታቸው ነው።

በዚህ ምክንያት፣ መስኮታቸው ወደ መንገዱ የሚመለከት ጎረቤቶቻችን ለጥቂት የተረፉትን አጋጣሚዎች ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሆነውን ብቻ እየጠቀሱ በደብተር መመዝገብ ጀመሩ። የሰሌዳ ቁጥር እንዳይጻፍ የወሰንነው ሆን ብለን ነው፤ የፈለግነው ቦታው እንዲታይ እንጂ ሾፌር እንዲቀጣ አልነበረም። ደብተሮቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ አደገኛዎቹ ሰዓቶች ትምህርት ቤት የሚለቀቅበትና ዓይን ለዓይን መተያየት የሚያስቸግርበት የምሽት መግቢያ ሲሆኑ፣ አደገኛው ቦታ ደግሞ ከዜብራው አጠገብ የቆሙ መኪኖች እግረኛውን ከሾፌሩ የሚሰውሩበት ነው። ይህንን ሥራ ያለ ክፍያና ያለ ግፊት የሠራችሁ ሁሉ፣ አቤቱታውን የተሸከመው የእናንተ ደብተር መሆኑን እንድታውቁልን እንፈልጋለን።

የፊዚክስ መምህራችንንም በልዩ ሁኔታ እናመሰግናለን። በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ያቀረቡት ስሌት ከብዙ ንግግር ይልቅ ሠርቷል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል፤ አንድ ሰከንድ ደግሞ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ የሚያልፍ ጊዜ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በዚያው ሰከንድ የሚጓዘው 8 ሜትር ከጥቂት ስለሆነ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ይዞ ሙሉ በሙሉ የሚቆመው 14 ሜትር ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ቀርፋፋው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ፈጣኑ ገና ፍሬን መያዝ አልጀመረም፤ እግረኛው እዚያ ካለም የሚመታው በሙሉ ፍጥነት ነው። የግጭት ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚጨምር የ50ው ጉልበት ከ30ው ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። «20 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ ምን ይለወጣል?» ሲሉ የነበሩ አንድ የምክር ቤት አባል ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው ካሰሉት በኋላ የፍጥነት ወሰኑን ጉዳይ የያዙት እርሳቸው ናቸው። ለቅንነታቸው ክብር ይስጥልን።

በዚያው ስብሰባ ላይ ስለ ዓለም አቀፉ ሁኔታ ማብራሪያ ያዘጋጁት ወጣቶችም ሊመሰገኑ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ ትራፊክ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ይህንን ቁጥር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ግብ አስቀምጧል። ወጣቶቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ልጆቻቸው በመኪና የሚያልቁባቸው የኔዘርላንድ ወላጆች ጎዳና ወጥተው መንግሥታቸውን እንዴት እንደሞገቱም አስታውሰዋል። ዛሬ የሚደነቁት የዚያች አገር መንገዶች የመሐንዲስ ጥበብ ብቻ ሳይሆኑ የወላጅ ጩኸት ያለባቸው መሆኑን ብዙዎቻችን የሰማነው ያን ቀን ነው።

አሁን ደግሞ በምስጋና ደብዳቤ ላይ ስማቸው እምብዛም ወደማይነሣው፣ ማለትም የመጀመሪያውን ሐሳባችንን ወደተቃወሙት ወገኖች እንመለሳለን። እኔ በበኩሌ እንደማምነው፣ ሥራው ያማረው ከደጋፊዎቻችን ባልተናነሰ በእነርሱ ነው።

እኛ በመጀመሪያ የጠየቅነው በመንገዱ ርዝመት ሁሉ ተራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲደረደር ነበር። የአምቡላንስ ሾፌር የሆኑ ጎረቤታችን ተነሥተው፣ አጥንቱ የተሰበረ በሽተኛ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ምን እንደሚሆን ሲያስረዱ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎቹ ዕቅዱን ለወጡት፦ በመሻገሪያው ላይ አናቱ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ መውጫና መውረጃው ዝግ ያለ ከፍታ ተሠራ፤ በቀረው መንገድ ደግሞ የመንገዱን ስፋት ሙሉ በሙሉ የማይዘጋ፣ እንደ እሳት አደጋ መኪና ያሉ ሰፋፊ ተሽከርካሪዎች ጎማቸውን በግራና በቀኝ እያሳለፉ የሚሄዱበት፣ ትንንሾቹን መኪኖች ግን ዝግ የሚያደርግ አጭር ጉብታ ተተከለ።

ዓይነ ስውር የሆኑ ሌላ ነዋሪ ያቀረቡት ተቃውሞ ደግሞ ከመካከላችን ማንም ያላሰበው ነበር። መሻገሪያው ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ከሆነ፣ በበትራቸው የሚፈልጉት የጠርዝ ድንጋይ ስለሚጠፋ የት ጋ አስፋልቱ እንደሚጀምር ሊያውቁ እንደማይችሉ ገለጹልን። ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ምቹ የሆነው ለእርሳቸው ወጥመድ ሊሆን ነበር። መፍትሔው በጠርዙ ላይ በእግርና በበትር የሚለዩ ባለ እብጠት ንጣፎችን ማንጠፍ ሆነ፤ ሴይቺ ሚያኬ የተባሉ ጃፓናዊ የፈለሰፉትና እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈው ዓይነት ነው። እኚህ ጎረቤታችን ባይመጡ ኖሮ መሻገሪያውን አስመርቀን አጨብጭበን እንለያይ ነበር።

በመሻገሪያው ግራና ቀኝ መኪና ማቆም ሲከለከል ገበያችን ይጎዳል ብለው የሰጉ የንግድ ቤት ባለቤቶችም ሥጋታቸው ተገቢ ነበር። ዕቃ ማራገፊያ በጎን መንገዱ ላይ እንዲዘጋጅላቸው ከተስማማን በኋላ ደጃቸው ላይ የነበረውን ቦታ ለልጆቻችን እይታ ለቀዋል። ሁላችንም ፊርማ ሰጠን፤ እነርሱ ግን ፊርማም ቦታም ሰጥተዋል።

ለምክር ቤቱ አባላት፣ በተለይም ቦታውን በወረቀት ብቻ ከመመልከት ይልቅ በትምህርት ቤት መልቀቂያ ሰዓት መጥተው መንገዱን ከእኛ ጋር ለተሻገሩት፣ እንዲሁም የማይቻለውን «አይቻልም» ብለው ምክንያቱን በግልጽ ለጻፉልን መሐንዲሶች ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ትራፊክ እንዳይስተጓጎል ሌሊት ሌሊት ለሠሩ የቀን ሠራተኞችና የማሽን ኦፕሬተሮች፣ በመዳረሻው የመኪና መብራት ዓይናቸውን እየወጋ መንገዱን ለያዙ የትራፊክ ፖሊሶች፣ ግንባታው በቆየባቸው ቀናት በተለዋጭ መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ለሄዳችሁ ሾፌሮች ሁሉ እግዜር ይስጥልን።

ሥራው ግን አላለቀም። ከታችኛው መገናኛ የጠየቅነው የእግረኛ መብራት በዚህ ዓመት በጀት አልተያዘለትም፤ ምክር ቤቱ በሚቀጥለው የበጀት ውይይት እንደሚያነሣው በጽሑፍ አሳውቆናል። አዲሱ ቀለም በዝናብና በጎማ ስለሚደበዝዝ፣ የዜብራው መስመር መልሶ የሚቀባበት ጊዜ በጥገና መርሐ ግብሩ ውስጥ እንዲገባም ጠይቀናል። የመኪኖቹ ፍጥነት ከግንባታው በፊት እንደተለካው ሁሉ በኋላም ተለክቶ ውጤቱ ለነዋሪው ይገለጣል። እስከዚያው ድረስ የደብተሩ ምዝገባ ስለማይቋረጥ፣ ተራ ለመውሰድ የምትፈልጉ ነዋሪዎች ለኮሚቴው ጸሐፊ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የነዋሪዎች የመንገድ ደኅንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ