«ፈረሴን ምን ባጠጣው ያስመልሰዋል?» ብለው ከጠየቁት አንዱ ነኝ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ ፈረስ ገዝተው ስለ ፈረስ ምንም የማያውቁ ሰዎች የጠየቋቸው ተደርገው የቀረቡትን የቀልድ ጥያቄዎች፣ ኮምቦልቻ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለባልደረቦቼ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። «ፈረሴ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድራል፤ አልጋ ልግዛለት ወይስ ዕልኸኛ ሆኖ ነው?» የሚለው ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ድንክ ፈረስ ገዝቼ ሦስት ዓመት ሙሉ ገብስ አበላሁት፤ መቼ ነው አድጎ ፈረስ የሚሆነው?» የሚለውም እንዲሁ አሳቀን። ቀጥሎ ያለው ላይ ስደርስ ግን ማንበቤን አቆምኩ። «ፈረሴ ሆዱን አሞታል፤ ምን ባጠጣው ያስመልሰዋል?» ይላል። ጋዜጣውን ለአጠገቤ ባልደረባ ሰጥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ይህንኑ ጥያቄ በ2006 ዓ.ም. በገዛ አፌ፣ ቃል በቃል ጠይቄው ነበርና።

የተወለድኩት ለጋምቦ ነው። ደጋ አገር ነውና ፈረስ ከልጅነቴ አይለየኝም ነበር፤ ገብስ ወደ ወፍጮ፣ ሰው ወደ ገበያ፣ ሙሽራ ወደ ሰርግ የሚሄደው በፈረስ ነበር። ይሁን እንጂ ፈረስ ባለበት ቤት ማደግና ፈረስን ማወቅ ለየቅል መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አባቴ የሚያውቀውን ሁሉ በእጁ ያውቅ ነበር እንጂ ለእኛ ቁጭ ብሎ አልነገረንም፤ እኛም ትምህርት ቤት ገባን ብለን አልጠየቅነውም። ኮምቦልቻ መምህር ሆኜ ከተመደብኩ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ተከትሎኝ መጣ፤ ከደሞዜ ቆጥቤ ጋሪ አሠራሁለት፣ አቀስታ ገበያ ሄደን አንድ ዳማ ፈረስ ገዛን። ዳማው ጨዋ ነበር። ልጆቼ በሆዱ ሥር ሲሽሎኮሎኩ እግሩን እንኳ አያነሳም።

በጥር ወር አንድ ምሽት ወንድሜ ከወፍጮ ያመጣውን ግማሽ ኩንታል በቆሎ ግቢ ውስጥ አሳድሮ ተኛ። የፈረሱ ገመድ ላልቶ ኖሮ፣ ሌሊት ጆንያውን ቀዶ እስኪጠግብ በላ። ጎህ ሲቀድ ስንደርስ በፊት እግሩ መሬቱን ይጭራል፣ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል፣ ይተኛና ይንከባለላል፣ ይነሳና ደግሞ ይተኛል፤ አንገቱና ብብቱ በላብ ርሷል። የእንስሳት መድኃኒት ወደሚሸጥበት ሱቅ ሮጥኩና «ፈረሴን ምን ባጠጣው ያስመልሰዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ «ፈረስ አያስመልሰውም» አላለኝም። የልብስ ሳሙና በዘይት አሟሙቼ በጠርሙስ እንዳጠጣው ነግሮኝ አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ጨምሮ ሸጠልኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ ረዳን፤ ገመዱን በግራር ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈን ራሱን ወደ ሰማይ ሰቅለን፣ የጠርሙሱን አንገት በጉንጩ ከትተን አንድ ሊትር ያህል አፈሰስንበት። ዳማው አሳለው፤ በሁለቱ አፍንጫው ነጭ አረፋ ወጣ። «አብሽር ጋሼ፣ አሁን ያስመልሰውና ይለቀዋል» አሉኝ አንድ ጎረቤታችን። አላስመለሰውም። በሦስተኛው ቀን አፍንጫው እየተነፋፋ፣ ትንፋሹ የበሰበሰ ነገር እየሸተተ ሞተ። ዘግይቶ የደረሰው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የነገረኝ ሁለት ነገር ነው፤ ፈረስ በተፈጥሮው ማስመለስ አይችልም፣ እኛ ያፈሰስንበትም ፈሳሽ ወደ ሆዱ ሳይሆን ወደ ሳንባው ገብቶበታል።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ የማገኘውን ባለሙያ ሁሉ ጠይቄያለሁ። የፈረስ ጨጓራ መግቢያ ላይ ያለው ጡንቻ በጣም ጠንካራ ከመሆኑ የተነሳ ምግብ ወደ ውስጥ ያሳልፋል እንጂ ወደ ኋላ አይመልስም። ጨጓራው ራሱ ከአካሉ ግዝፈት አንጻር ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ፈረስ የተፈጠረው ቀኑን ሙሉ ከሌሊቱም ገሚሱን ሣር ጥቂት በጥቂት እየጋጠ እንዲውል በመሆኑ፣ ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ሲገባበት እህሉ ይቦካል፣ ጋዙ ይነፋዋል፣ መውጫ ሲያጣም ጨጓራው እስከ መፈንዳት ይደርሳል። ባለሙያ ሲመጣ በአፍንጫው በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ጨጓራው አስገብቶ የታመቀውን ያወጣለታል፤ ይህ በጠርሙስና በገመድ የሚተካ ሥራ አይደለም። እንግዲህ ጋሪ ጎትቶ ውሎ ማታ ላይ ብቻ አንድ ቁና እህል የሚሰጠው የከተማችን ፈረስ በየቀኑ የሚኖረው በዚህ አደጋ አፋፍ ላይ ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ የቀሩትንም ጥያቄዎች ቤቴ ገብቼ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳቸው። ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ «በፈረሴ እግር ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ ነገር በቅሏል፤ ለጌጥ ልተወው ወይስ ላስወልቀው?» የሚለው ነው። ይህን የጻፈው ሰው በሽታውን አይቶ ይሁን በግምት አላውቅም፤ ነገር ግን የጻፈው ሕመሙ ልክ እንደሚታየው ነው። ባለጋሪዎች ንድፍት የሚሉት፣ በፈንገስ የሚመጣ የፈረስና የበቅሎ በሽታ፣ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥር መሰል ቱቦዎች ተከትሎ አንድ በአንድ ያብጣል፤ እውነትም በክር የተሰካ ዶቃ ይመስላል። ከዚያ እያንዳንዱ እብጠት ፈርጦ ወፍራም መግል ያወጣል። ቦርከና ወንዝ ዳር ጋሪዎች በሚቆሙበት ቦታ አንድ ወጣት የፈረሱን እብጠት በምላጭ ከፍቶ፣ መግሉን በጨርቅ ከጠረገ በኋላ ያንኑ ጨርቅ አጣጥፎ የሌላ ፈረስ ጀርባ ላይ ከኮርቻው ሥር ሲያነጥፈው በዓይኔ አይቻለሁ። በሽታው የሚተላለፈው በቁስል በኩል ነው፤ ዝንብ ያመላልሰዋል፣ በጋራ የሚጠቀሙበት ዕቃና ማሰሪያም ያጋባዋል። ገና ሲጀምር የተያዘ ፈረስ በባለሙያ በሚሰጥ የአዮዲን ሕክምና የመዳን ዕድል አለው፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። ያ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ የነገረው ሰው ስላልነበረ ብቻ ያደረገው ነው።

ቆሞ ስለማደሩም እውነቱ መጻፍ ይገባው ነበር። ፈረስ የእግሩን መገጣጠሚያዎች በጅማቶቹ ቆልፎ፣ ጡንቻውን ሳያደክም ቆሞ ያንቀላፋል። ይሁንና ጥልቅ እንቅልፍ የሚወስደው ሲተኛ ብቻ ነው፤ በቀን ለጥቂት ጊዜም ቢሆን መሬት ላይ መጋደም አለበት። ገመዱ አጥሮ ሲሚንቶ ላይ ታስሮ የሚያድር ፈረስ መተኛት ስለማይችል በቆመበት እንቅልፍ ይጥለውና በፊት ጉልበቶቹ ይወድቃል። በየጋሪው ላይ ጉልበቱ የተላጠ ፈረስ ስታዩ አስፋልቱን ብቻ አትውቀሱ፤ የሚያድርበትን ቦታም ጠይቁ።

«ፈረሴ ቁልቁለት ላይ አልቆም ይላል፤ ፍሬኑን የት ላሠራው?» የሚለውን የጻፈው ሰው ጋሪ ሲወርድ ያየ ይመስለኛል። ጋሪው ሲወርድ ጭነቱ ከኋላ ፈረሱን ይገፋዋል፤ ፍሬኑ ራሱ ፈረሱ ነው። ከኋላ ታፋውን አቅፎ ጭነቱን የሚሸከም ሰፊ ማሰሪያ ከሌለው፣ ነጂው ያለው አማራጭ ዛቡን መጎተት ብቻ ይሆናል። በፈረስ የፊት ጥርሶችና በመንጋጋዎቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ፤ ልጓሙ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ያልለሰለሰ ብረት እዚያ ድድ ላይ ሲጎተት ሥጋውን ይቆርጠዋል፣ ፈረሱም ከሕመሙ ለመሸሽ የበለጠ ይሮጣል። ነጂው ዕልኸኛ ነው ብሎ አለንጋ ይጨምርበታል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ድንክ ፈረስ ያላደገ ፈረስ አይደለም፤ አውሮፓውያን ፖኒ የሚሉት ከትከሻው እስከ መሬት ከ148 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን ነው፤ በዚህ መለኪያ አብዛኞቹ የእኛ የደጋ ፈረሶች ፖኒ ሊባሉ ነው፤ ይህ ጉልበታቸውን አይቀንሰውም። ባዝራ የምታረግዘው ወደ 11 ወር ገደማ ነውና በዘጠኝ ወሯ አልወለደችም ብሎ መድኃኒት የሚፈልግላት ሰው ውርንጭላውን ከእናቱ ጋር ሊገድል ይችላል። «የመኪና ሊብሬ ላይ የተሠራበት ዘመን ይጻፋል፤ የፈረሴ የት ነው የተጻፈው?» ለሚለውም መልሱ አባቴ ገበያ ላይ የፈረስ ከንፈር ገልጦ ያየው የነበረው ነው። ፈረስ በአምስት ዓመቱ ቋሚ የፊት ጥርሶቹን ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ከድዱ እየወጣ እየተፋቀ ስለሚሄድ ዕድሜው ከቅርጹ ይገመታል። የመንጋጋው ጠርዝ ሾልቶ ጉንጩን ሲቆርጠው ሣሩን በደንብ ሳያኝክ ይጥለዋል፤ ባለቤቱም ጠግቧል ይላል።

በዚህ አገር ይህ ዕውቀት እንግዳ መሆኑ ያሳዝነኛል። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ራስ ሚካኤል ይዘውት የዘመቱት የወሎ ፈረሰኛ ነበር፤ እሳቸውም በፈረሳቸው ስም አባ ሻንቆ ተብለው ይጠሩ ነበር። ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ላይ ስለ ፈረስ አለማወቅ ነውር ነበር። ዛሬ ባጃጅ ሲበዛ ፈረሱን የሚያውቁት የቆዩ ባለጋሪዎች ሥራውን እየተዉ ሄዱ፤ ርካሽ ሆኖ የቀረውን ፈረስ የሚገዛው ከገጠር የመጣ፣ ሌላ መተዳደሪያ ያላገኘ፣ የሚጠይቀው ሰው የሌለው ልጅ ሆነ። የቀልድ ገጻችሁ የሚሳለቅበት ሰው ይኸው ልጅ ነው። ባልደረቦቼ «ቀልድ ነው እኮ፣ ተወው» ብለውኛል። እኔ ግን ሰው ሲስቅ ትክክለኛውን መልስ የሚያውቅ ይመስላል እላለሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሳቅነው መካከል ፈረስ የማያስመልሰው መሆኑን የሚያውቅ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልነበረም።

ገጹ ይቅር አልልም። እንዲያውም ይቀጥል፤ ጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ባለጋሪዎች እየተቀባበሉ ሲያነቡት አይቻለሁ፤ የግብርና መመሪያ ግን እንዲህ ሲቀባበሉ አላየሁም። የምለምነው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር በሁለት መስመር እውነተኛው መልስ እንዲታተም ነው። መልስ የሚሰጥ ሩቅ አይደለም፤ ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ እዚሁ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በተለይ ክረምቱ ሲወጣ የሚመጣው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ከመድረሱ በፊት ቢታተም መልካም ነው። ይህ በሽታ ከወባ ትንኝ በሚያንሱ ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፍ፣ ከዓይኑ በላይ ያለውን ጉድጓድ የሚያሳብጥና በአፍንጫ አረፋ የሚያስወጣ ሲሆን፣ በቀናት ውስጥ ፈረስ ይገድላል፤ ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ማምሻና ንጋት ላይ ፈረሱን በረት ውስጥ ማቆየትም ይረዳል። «የጎረቤቴ አህያ አልታመመችም፤ የእኔ ፈረስ ለምን ታመመ?» የሚል ቀልድ ብትጽፉ፣ መልሱ በሽታው አህያን እምብዛም የማይገድል መሆኑ ነው።

ለሚቀጥለው ዕትም ይሆን ዘንድ አንዱን ከነመልሱ አዘጋጅቼ ልኬያለሁ።

ጥያቄ፦ ፈረሴ መሬት ይጭራል፣ ጎኑን እያየ ይንከባለላል። ምን ላጠጣው?

መልስ፦ ምንም አታጠጣው። እህሉንና ሣሩን ከፊቱ አንሳ፣ የሚጎዳው ድንጋይና ሽቦ ካለ አርቅ፣ መቼ ምን እንደበላ አስታውስና አሁኑኑ የእንስሳት ሐኪም ጥራ። ራሱን ወደ ላይ አትስቀለው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህርና የቀድሞ የጋሪ ፈረስ ባለቤት
ከኮምቦልቻ፣ ወሎ