«ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ?» ላልከኝ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? እኛ ደህና ነን። ጥያቄዎችህን እህትህ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ድሮ ማጀት ብቅ የምትለው ለመጉረስ ብቻ ነበር። ዛሬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠህ «እማ፣ ቁሌት ማለት በትክክል ምንድን ነው?» ትለኛለህ። በሳቅ ሞትኩ። ደስም አለኝ።

ቁሌት ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅባቱ አንድ የሚሆኑበት የወጡ መሠረት ነው። አንተ ዘይቱን አስቀደምክ። ለዚያ ነው ጥብስ ጥብስ ያለብህ። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ መጀመሪያ በደረቅ ድስት ነው የሚቁላላው። የራሱ ውሃ ይበቃዋል። መጀመሪያ ላይ ድስቱ ይንጫጫል። ውሃው ሲያልቅ ጫጫታው ይቀንስና ማማሰያውን ከሥር ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ያኔ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርግና ቀጥል። የጥሬ ሽንኩርት ሽታው ጠፍቶ ጣፈጥ ያለ ነገር ሲሸትህ፣ ሽንኩርቱም ቅርጹ ሲጠፋ፣ ዘይቱ ይገባል። ከዚያ በርበሬው።

«ስንት ደቂቃ?» ብለሃል። ለአንተ ስል ቅዳሜ ሰዓት ይዤ ቆምኩ። 1 ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ያለ ዘይት 50 ደቂቃ ፈጀ። በርበሬው ከገባ በኋላ ሌላ 40 ደቂቃ። ግን ይህን ቁጥር እንደ ወንጌል አትያዘው። የሀበሻ ሽንኩርት ትንንሽ ነው፣ ውሃም የለው። የእናንተው ቡጢ የሚያክል ውሃ ነው። ቢያንስ ቀዩን ግዛ። እህትህ ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እናንተ ጋ ግን 100 አካባቢ ይደርሳል አለችኝ። ምስሩ «በ20 ደቂቃ ፈረሰብኝ» ያልከው ለካ ወዶ አይደለም። ዕድሜ ልኬን ስቀቅል ይህን የነገረኝ የለም።

ዶሮውን ቁሌቱ ሳያልቅ እንዳትከተው። የሱፐርማርኬት ዶሮ እንደ ሀበሻው ረጅም እሳት አይችልም፣ አጥንቱን ብቻ ታቅፈህ ትቀራለህ። 12 ብልት ማውጣት አልቻልኩም ብለህም አትጨነቅ፣ ጭኑን ብቻ ግዛ። እኔም ባገባሁ ዓመት ለፋሲካ ሽንኩርቱ ያርርብኛል ብዬ ዶሮውን ቶሎ ከተትኩት። ውሃውና በርበሬው ተለያይተው ቀረቡ። አያትህ ቀምሰው «ሾርባው ጥሩ ነው» አሉ። ሾርባ!

ፎቶ ላይ ያሳየኸኝ ቅመም ከሙን ነው እንጂ ነጭ አዝሙድ አይደለም። መልኩ ያሳስታል። ህንድ ሱቅ ገብተህ «አጅዋይን» በላቸው። ጥቁር አዝሙድን «ካሎንጂ» ይሉታል። ኮረሪማን ግን በሄል አትተካ። ሄል ለሻይ ይሁንልህ።

አሁን ወደ ጤናው። ሐኪሙ ጨው ቀንስ ብሎሃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም። የላክሁልህ በርበሬ ደግሞ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚያው። ስለዚህ ወጡ ሳይበስል ጨው እንዳትነካ። መጨረሻ ላይ ቅመስና ከጎደለው ብቻ ቆንጠር አድርግ። አባትህ ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ ሰው ነበር። አሁን የግፊት ኪኒን ይውጣል።

ቅቤውን «ልተው ወይ?» ብለሃል። መተው አይደለም፣ ለየቀኑ አታድርገው። የማክሰኞ ምስር ቅቤ አይፈልግም። ዶሮ ወጥ ላይ ግን እንዳትሰስት፣ ታሳፍረኛለህ።

ስንዴ ለማይስማማው ጓደኛህ እንጀራ ከመስጠትህ በፊት ባለሱቁን ጠይቅ። ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን እዚያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። መልኩን አይተህ አታውቀውም። ክትፎውን ደግሞ ተፈጭቶ ከታሸገ ሥጋ እንዳትሞክረው፣ ጥሬው ቀርቶ ለብለቡም ይቅርብህ። የተፈጨ ሥጋ በደንብ ነው የሚበስለው። ክትፎህን ስትመጣ እኔ እሠራልሃለሁ።

ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ የጎረቤታችን ልጅ ማክሰኞ ይዛልህ ትመጣለች። ኮረሪማው ከነልጣጩ ነው፣ ሽታው እንዳይጠፋ። የምትፈልገውን ያህል ብቻ እየፈለፈልክ ውቀጥ።

እሑድ ሽንኩርቱን ስትጥድ ደውልልኝ። ስልኩን ድስቱ አጠገብ አስቀምጠው፣ ድምፁን ሰምቼ ዘይቱ መቼ እንደሚገባ እነግርሃለሁ።

እናትህ